ክለባችን ባደገበት ክረምት ያልሠራነው ሂሳብ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ደወለልኝ። የሰፈራቸው የእግር ኳስ ቡድን ወደ ላይኛው ሊግ ለማደግ አንድ ጨዋታ ቀርቶታል። «ጋሼ፣ ብናድግ ስንት ብር ያስፈልገናል?» አለኝ። ጥያቄው ልቤን ነካው። እኛ ይህንን የጠየቅነው ካደግን ከአራት ወር በኋላ ነበር። በስልክ የቻልኩትን ያህል ነገርኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ያልነገርኩት በለጠብኝ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ለእሱም፣ እንደ እሱ ላሉትም ይሁን።

ከአሥር ዓመት በላይ የአንድ ትንሽ ክለብ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ስሙን አልጠራም። የለፉበት ሰዎች አሉ፣ የተጎዱበትም አሉ። ካዛንቺስ ተወልዶ ጃን ሜዳ ላይ ያደገ ቡድን ነው። ለዚህ ጽሑፍ ይህ ይበቃል።

ሲጀመር ማሊያው በመዋጮ ይገዛ ነበር። ታኬታ ያለው ለሌለው ያውሳል። ከጨዋታ በኋላ ማሊያውን ተራ ገብተን አጥበን እናሰጣለን። ትልልቆቹም የተነሡት ከእንዲህ ያለ ቦታ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስን በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ አራዳ ላይ ሲመሠርቱት ከኋላቸው ባንክም ፋብሪካም አልነበረም። ይህንን ታሪክ የእኛ ልጆች ከሕፃንነታቸው ይሰሙታል። ከካዛንቺስ ቁልቁል ሲወርዱ ደግሞ መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን ስታዲየም ያያሉ። ኢትዮጵያ በ1954 ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው እዚያ ነው። ይህንን እያየ ያደገ ልጅ «እኛስ?» ቢል ምን ያስገርማል?

በከተማው ዲቪዚዮኖች ብዙ ዓመት ቆየን። በ2009 የክልል ክለቦች ሻምፒዮና ተሳትፈን ወደ አንደኛ ሊግ አለፍን። አንደኛ ሊግ ላይ እንደምንም ቻልነው። ለተጫዋቾቹ በወር 1,200 ብር የኪስ ገንዘብ እንሰጣለን። አብዛኞቹ ሥራ ወይ ትምህርት አላቸው። በ2011 መጨረሻ ላይ ደግሞ ከፍተኛ ሊግ ገባን። ከፕሪሚየር ሊጉ በታች አንድ ደረጃ ብቻ!

የዚያን ቀን ማታ ካዛንቺስ አልተኛችም። ልጆቹን የጫነው ኮስተር ወደ ሰፈር ሲገባ እናቶች እልል እያሉ ፈንዲሻ በተኑበት። እኔም አለቀስኩ። አሁንም ሳስበው ደስታው ውሸት አልነበረም። ከዚህ በታች የምጽፈውን አንብባችሁ «አለማደግ ይሻላል» እንድትሉ አልፈልግም። ልጆቹ ያንን ማታ አግኝተውታል፤ ማንም አይወስድባቸውም።

ችግሩ የመጣው በሳምንቱ ነው። የእራት ግብዣ ተዘጋጀ። አንድ ነጋዴ ተነሥቶ ማይክራፎኑን ያዘና «ለልጆቼ 500,000 ብር!» አለ። አዳራሹ ከመቀመጫው ተነሣ። ወጣቶቹ ትከሻቸው ላይ አወጡት። ሌላው 200,000 አለ። ሌላው ትጥቁ በሙሉ በእኔ ይሁን አለ። አንዱ ቃል ሲገባ ሌላው ዝም ማለት ያፍራል፤ የእንዲህ ዓይነት ምሽት ነገር ይታወቃል። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ስምና መጠኑን አንድ በአንድ ጻፍኩ። ሌሊት ቤቴ ገብቼ ስደምረው 1,340,000 ብር ሆነ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ቁጥር በእጄ ጽፌ አላውቅም ነበር።

ደብተሩ ዛሬም አለኝ። ገጹን ስገልጠው ዓይኔ የሚያርፈው ቁጥሩ ላይ አይደለም። ቁጥሩን የጻፍኩበት ዓምድ ላይ ነው። «ገቢ» ይላል።

ገቢ አልነበረም። ቃል ነበር። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለውን ሁላችንም ስንተርተው ነው የኖርነው፤ እኔ ግን ያችን ላም መዝገብ ላይ አሰፈርኳት። ኮሚቴው ደግሞ ደብተሬን አምኖ ተጫዋች ማስፈረም ጀመረ። ከዚያ ገንዘብ እጃችን የገባው በመጨረሻ 310,000 ብር ነው። ትጥቅ እገዛለሁ ያለው ሰውዬ ቃሉን ጠብቆ ሁለት ሙሉ ትጥቅ አምጥቷል፤ እግዜር ይስጠው። ትከሻ ላይ የወጣው ሰውዬ ስልኩን ማንሣት ያቆመው ጥቅምት ላይ ነው። እሱን ዛሬ አልወቅሰውም። ምናልባት የዚያን ማታ ከልቡ ነበር። ሥራው ተበላሽቶም ይሆናል። የእኔ ፋንታ ግን ብሩ ባንክ ሳይገባ ቁጥሩን ገቢ አለማለት ነበር።

አሁን ደብተራችን ላይ ሁለት የተለያዩ ገጾች አሉ። አንዱ «ቃል የተገባ» ይላል፣ ሌላው «የገባ» ይላል። ውል የሚፈረመው ሁለተኛውን ገጽ አይቶ ብቻ ነው። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህንን ውሰዱ።

ወደዚያ ክረምት ልመለስ። አሰልጣኛችን እውነተኛ ሰው ነው። «በእነዚህ ልጆች ብቻ ከገባን እንወርዳለን፤ ቢያንስ ሰባት ልምድ ያላቸው ያስፈልጉኛል» አለን። ልክ ነበር። ሰባት ፈለግን። ገበያው ግን እሳት ነበር። በዚያው በነሐሴ 2011 የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ የተስማሙት ዋጋው ከቁጥጥር በመውጣቱ ነው። ላይኛው ቤት እንዲህ ሲሆን ታችኛው ቤትም ይሞቃል። ሰባቱን እያንዳንዳቸውን በወር «የተጣራ 8,000 ብር» ብለን አስፈረምን።

ወዲያው የራሳችን ልጆች መጡ። አምበሉ ነው የተናገረው። «ያሳደግነው እኛ ነን። እኛ 1,200፣ እነሱ 8,000?» መልስ የለኝም። እሱም ልክ ነበር። ለአሥራ አምስቱም የተጣራ 5,000 ሆነ። ሰባት ሰው ለመግዛት ስታስቡ ሂሳቡ የሰባት ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። የመልበሻ ክፍሉ በሙሉ ዋጋው ይቀየራል።

«የተጣራ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። ተጫዋች የሚደራደረው እጁ ላይ በሚደርሰው ነው፤ ግብሩ የክለቡ ራስ ምታት ይሆናል። በጊዜው በነበረው የግብር ተመን ልጁ እጅ 5,000 እንዲገባ ክለቡ ማውጣት ያለበት 5,913 ብር ገደማ ነው። ለ8,000 ደግሞ 10,064 ገደማ። ለሃያ ሁለት ሰው ስትደምሩት ግብሩ ብቻ በወር 28,000 ብር አለፈ። እኛ የተጣራውን ደምረን 131,000 ነው ብለን ነበር። ትክክለኛው 159,000 ነው። በአሥር ወር ስታባዙት አንድ ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። አያችሁ? የዚያን ማታ ቃል የተገባው ሁሉ እስከ ሳንቲሙ ቢገባ እንኳ ለተጫዋች ደመወዝ ብቻ አይበቃም ነበር። አሰልጣኙ፣ ምክትሉ፣ የበረኛ አሰልጣኙ፣ ወጌሻው ገና አልተቆጠሩም። ይህንን ለማወቅ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ያንን አሥር ደቂቃ አልሰጠነውም። ዛሬ የግብር ተመኑ ተሻሽሏል፤ እናንተ በዛሬው ሥሩት፣ ውሉንም በጠቅላላ ደመወዝ ጻፉት።

ከሜዳ ውጪ ጨዋታ ስንት እንደሚፈጅ ደግሞ አንዱን ላሳያችሁ። ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሃያ አምስት ሰው ሆነን ሄድን። ኮስተር ለሦስት ቀን ከነሾፌሩ 12,000 ብር። አልጋ ለሁለት ሌሊት፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ 5,200። ምግብ ለስድስት ጊዜ፣ በሰው 70 ብር እያልን፣ 10,500። ውሃ፣ ሙዝ፣ በረዶ፣ ፋሻና መድኃኒት 2,000 ገደማ። ወደ 30,000 ብር ማለት ነው፤ ያውም በ2012 ዋጋ። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ካዛንቺስ ተሰብስበን ነው የምንነሣው። አንዲት እናት ከቤታቸው ትልቅ ሰሃን ሙሉ ፍርፍር በፌስታል ጠቅልለው ያመጡልናል። ያንን ቁርስ ሂሳብ ውስጥ አስገብቼው አላውቅም ነበር። ኋላ ላይ በየጉዞው አንድ የቁርስ ወጪ እንዳዳኑን ገባኝ።

ቤት ውስጥ መጫወትም በነጻ አይደለም። ሜዳ አለ፣ አምቡላንስ አለ፣ ጥበቃ አለ፣ ኳስ አለ። ጥሩ በነበረው ቀናችን ከመግቢያ ያገኘነው 6,000 ብር አይሞላም። ሰው ቡድኑን ይወዳል፤ ግን ቅዳሜና እሁድ የእንግሊዝ ጨዋታም አለ፣ ለቅሶም አለ፣ ሠርግም አለ። የመግቢያ ገቢን እንደ ተጨማሪ ቁጠሩት እንጂ አትደገፉበት።

ሰዎች ይህን ስነግራቸው «እገሌም አድጎ ወዲያው ዋንጫ በላ» ይሉኛል። እውነት ነው። ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከከፍተኛ ሊግ አድጎ በመጣበት በ2016 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ወስዷል። ከኋላው ግን የሀገሪቱ ትልቁ ባንክ አለ። ጅማ አባ ጅፋርም በ2010 ባደገበት ዓመት ሻምፒዮን ሆኗል፤ በ2014 ደግሞ ወርዷል። የከተማው ስም ያለው አዲስ አበባ ከተማ እንኳ በ2009ም በ2014ም ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ በዓመቱ ተመልሷል። አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። እናንተ የምትኖሩት በአባላት መዋጮ ከሆነ የእነሱን መንገድ ተከትላችሁ መሄድ አትችሉም። ሜዳው ላይ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ነው። ከሜዳ ውጪ ግን አንድ አይደለንም።

እንግዲህ ታኅሣሥ አለፈ። እስከ ታኅሣሥ ድረስ ደመወዝ ከፈልን። በምን ከፈልን? በዚያ 310,000፣ በአባላት መዋጮ፣ በቶምቦላ፣ ሁለት የኮሚቴ አባላት ከኪሳቸው ባበደሩን። ጥር ላይ ካዝናው ባዶ ሆነ። እኔ ግን ለልጆቹ «የሚመጣ ብር አለ» እያልኩ ነበር። የምዋሽ አልመሰለኝም። ላበረታታቸው ነው ያልኩት።

መጋቢት ላይ ኮሮና መጣ። ሊጉ ቆመ። ቆይቶ የዓመቱ ውድድር በሙሉ ተሰረዘ፤ ሻምፒዮንም የለም፣ ወራጅም የለም ተባለ። ጨዋታው ተሰረዘ፣ ውሉ ግን እስከ ሰኔ ነው። በዚያው ሰሞን የፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ቲማቲምና ሽንኩርት የሚጫኑ አይሱዙዎች እኛ በምንሠራበት ሜዳ ላይ ተሰለፉ። ለከተማው አስፈላጊ ነበር፤ ሰው መብላት አለበት። ከጥር ጀምሮ ደመወዝ ያጡት ልጆች ግን በአንድ ወር ውስጥ ጨዋታም መለማመጃም አጡ።

ግንቦት ውስጥ የበረኛችን እናት ወደ ሱቄ መጡ። ደብተርና እስክሪብቶ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አጣፍተው በሩ ላይ ቆሙ።

«እትዬ፣ ይግቡ፣ አረፍ ይበሉ» አልኳቸው።

«አልቀመጥም ልጄ። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። አራት ወር ሙሉ ነገ ይሰጡኛል ነገ ይሰጡኛል ይለኛል። ብሩ አለ ወይስ የለም?»

ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ቆመ። «የለም፣ እትዬ» አልኩ።

ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ «ይኼን በጥር ብትነግሩት ኖሮ ሥራ ይፈልግ ነበር። ዘመዱ ግንባታ ላይ ጠርቶት ነበር እኮ። ልምምድ አለብኝ ብሎ ቀረ» አሉኝ። ሄዱ።

ሱቄን ዘጋሁት። የዚያን ቀን ሌላ ሰው ማስተናገድ አልቻልኩም። እኔ ስለ ክለቡ ዕዳ ነበር የማስበው። ልጁ ግን ከደመወዙ ሌላ አንድ እንጀራ አጥቷል፤ ያጣውም በእኔ «የሚመጣ ብር አለ» ምክንያት ነው። ያንን እንጀራ መዝገብ አይዘውም።

በሳምንቱ ተጫዋቾቹን ሁሉ ሰበሰብን። በርቀት ተቀመጡ፣ ማስክ አድርገዋል። ለእያንዳንዱ አንዳንድ ወረቀት ሰጠሁ። ስሙ፣ ያልተከፈለው ወር፣ የብሩ መጠን፣ የኮሚቴው ሊቀመንበር ፊርማ፣ የእኔ ፊርማ። «ብር የለንም። መቼ እንደሚኖረንም አናውቅም። ሥራ ያገኘ ይሂድ፣ መልቀቂያ አንከለክልም። ይህ ወረቀት ግን ዕዳችን ነው» አልናቸው። አንዳንዱ ተናደደ። አንዱ ወረቀቱን ጨምድዶ ጣለው፣ ከዚያ ተመልሶ አንሥቶ ኪሱ ከተተው። እኔ ከባዱ ቀን ይህ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። ከስብሰባው ስንወጣ ግን ወጌሻችን ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አሁን ተነፈስን» አለኝ።

ሦስቱ ለፌዴሬሽኑ አቤቱታ አስገቡ። ብዙ የኮሚቴ ሰው ይህን እንደ ክህደት አየው። አይደለም፤ መብታቸው ነው። ነገሩ ባታውቁት ግን ያስደነግጣል። ውሳኔ ሲወጣ ክለቡ እስኪከፍል ድረስ ከፌዴሬሽኑ አገልግሎት ሊታገድ ይችላል። አዲስ ተጫዋች ማስመዝገብ አትችሉም። ቴሴራ፣ ማለትም የተጫዋች መታወቂያ፣ አታወጡም። ቢያንስ ሰባት ተጫዋች አሟልታችሁ ሜዳ መግባት ካቃታችሁ ደግሞ ፎርፌ ነው፤ ሦስት ነጥብና ሦስት ጎል ለተጋጣሚ። ስለዚህ የሦስቱን ቅድሚያ ሰጥተን ከፈልን።

የቀረውን እንዴት እንደከፈልነው ልንገራችሁ፤ ይህ ሊጠቅማችሁ ይችላል። እስከ ሰኔ ድረስ ያለው የተጫዋቾች ዕዳ ወደ 790,000 ብር ነበር። አንድ ትልቅ ሰው መፈለግ ይቻል ነበር፤ ፈልገንም ነበር። አንዱ ተገኘ፤ ግን «ክለቡ በስሜ ይሁን» አለ። እምቢ አልን። ከዚያ አንድ የዕድራችን አዛውንት ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ብለው ነገሩን ከፈቱት። ስልሳ ሰው አሰባሰብን። እያንዳንዱ በወር 500 ብር። ሊስትሮ የሚሠራ ልጅ አለበት፣ የባንክ ሠራተኛ አለበት፣ ሁለት የሰፈሩ ልጆች ከውጭ ሀገር ይልካሉ። በወር 30,000 ይሆናል። በየወሩ የሚከፈላቸውን በዕጣ አወጣን፤ እንደ ዕቁብ ማለት ነው። ልጅ ያለውና ቤት ኪራይ ያለበት ቅድሚያ ያገኛል፤ ይህን ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው የወሰኑት። ሃያ ስድስት ወር ፈጀ። ካዛንቺስ ውስጥ እያንዳንዱ ወር የማን ተራ እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም።

የገቢ ግብሩም እዚያው ቆሞ አልጠበቀንም። ሲዘገይ ቅጣትና ወለድ ይጨምርበታል። ልጆቹን በግማሽ አሳምናችሁ ይሆናል፣ ግብር ግን አይታገሥም። ከደመወዝ የተቀነሰን ግብር በምንም ምክንያት ለሌላ ወጪ አታውሉት። የእናንተ ብር አይደለም።

የ2013ቱ ውድድር ሲጀመር ነገሩ ተቀይሮ ነበር። በኮሮናው ምክንያት ምድቡ በሙሉ አንድ ከተማ ተሰብስቦ ዙሩን እዚያው ይጫወታል። ጉዞው ይቀንሳል፤ በምትኩ ሳምንታት ሙሉ ሆቴል መቀመጥ አለ። ፕሪሚየር ሊጉ በዚያ ዓመት ከዲኤስቲቪ ጋር ውል ነበረው። እኛ ያለንበት ሊግ ግን በዚያ ውል ውስጥ አልነበረም።

በዚህ ጊዜ ከውጭ ያመጣናቸው ሰባቱም ሄደዋል። አሥራ ስምንት ልጆች ይዘን ሄድን፣ ብዙዎቹ ከታዳጊ ቡድናችን። ሆቴል ሳይሆን አንድ ግቢ ተከራየን። አንዲት ምግብ አብሳይ ከሰፈር ይዘን ሄድን፣ ምጣዱንም ጭምር። ለልጆቹ 1,500 ብር የኪስ ገንዘብ፣ ከመነሣታችን በፊት የስድስት ወሩ ባንክ ተቀምጧል። ወረቀቱ ላይ «ከዚህ በላይ የለም» ብለን ጻፍን። ሁሉም አንብበው ፈረሙ።

ብዙ ተሸነፍን። አንድ ጨዋታ 5 ለ 0። ግን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ ጥሎ ሜዳው ጭቃ በሆነበት፣ የ17 ዓመት ልጃችን ከመስመር የተሻማች ኳስ በግንባሩ ገጭቶ አስቆጠረ። ተጋጣሚያችን ከእኛ አሥር እጥፍ በጀት ያለው ክለብ ነው። 1 ለ 0 አለቀ። ልጁ ደስታውን ለመግለጽ ሲሮጥ አንድ ታኬታው ጭቃው ውስጥ ቀረች። ባንድ እግሩ እየዘለለ ወደ እኛ መጣ። አሰልጣኛችን አቅፎት ሲያለቅስ አየሁት። ያንን ታኬታ ራሴ ነኝ ከጭቃው ጎትቼ ያወጣሁት።

ወረድን። ሰፈር ስንመለስ ፈንዲሻ የበተነ የለም። መንገድ ላይ አንገቱን የሚነቀንቅብኝ ሰው ነበር። እኔ ግን የዚያ ዓመት መዝገብ ላይ ያለው ቁጥር እስከዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ ያኮራኛል። ከዚያ ዓመት ለማንም ምንም ሳንቲም ሳይቀርብን ነው የወረድነው፤ የአምናውንም እየከፈልን።

ለደወለልኝ ወጣት በስልክ ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። አሰልጣኛችሁን ስብሰባው ላይ አስቀምጡት። እኛ «አንተ ኳሱን ያዝ፣ ብሩን ለእኛ ተው» እንለው ነበር። ሂሳቡን ቢያይ ኖሮ ሰባት ሳይሆን ሁለት ሰው ይጠይቅ ነበር፤ ራሱ ነው የነገረኝ። ደግሞም የውድድሩን ደንብ ከመመዝገባችሁ በፊት አንብቡ። አስቀድሞ «አንችልም» ማለትና መሃል ላይ አቋርጦ መውጣት አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ቅጣትም ስም መጥፋትም አለው። ታዳጊ ቡድናችሁን ደግሞ ለዋናው ቡድን ብላችሁ አታፍርሱ። በ2012 ለመቆጠብ ብለን ልንዘጋው አንድ ድምፅ ነበር የቀረን። ብንዘጋው በ2013 ሜዳ የሚገባ ሰው አልነበረንም።

በ2017 ካዛንቺስ ፈረሰች። ጎረቤቱ ተበተነ። ብዙው ገላን ጉራ ሄደ፣ ሌላው በየአቅጣጫው። ክለቡ አበቃለት ብዬ ነበር። ግን እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጃን ሜዳ ብትመጡ ልጆቻቸውን ከገላን በሁለት ታክሲ የሚያመጡ አባቶች ታያላችሁ። መዋጮው በቴሌብር ይገባል። ፍርፍር ይዘውልን ይመጡ የነበሩት እናት አሁን ሩቅ ናቸው፤ በበዓል በበዓሉ ይደውሉልኛል። በረኛችን ኳስ አቁሟል። አሁን የታዳጊዎቹን በረኞች እሁድ እሁድ ያሠለጥናል፣ በነጻ። የመጨረሻውን ክፍያ ሲቀበል ወረቀቱን መልሶልኝ ነበር። እናቱ ፕላስቲክ ውስጥ አድርገው ነው ያስቀመጡት፣ አንድም እጥፋት የለውም።

ዘንድሮ ልጆቹ ጥሩ ናቸው። በጣም ጥሩ። ዳግም ለማደግ ሁለት ጨዋታ ቀርቶናል። ኮሚቴው በመጪው እሁድ ከልምምድ በኋላ ይሰበሰባል፤ አሰልጣኙም አምበሉም ይገኛሉ። «የገባ» የሚለው ገጽ ላይ ስንት እንዳለ አውቃለሁ፣ የአንድ የውጪ ጨዋታ ወጪም በዛሬ ዋጋ ሠርቼዋለሁ። ገና አልወሰንንም። ደብተሩን ይዤ እሄዳለሁ።